የዱቤ መዝገብ

ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠርሙስ ሁሉ ያወራል፤
ኪኒኑ ከአዮዲኑ፣ አልኮሉ ከዘይት ይማከራል።
ቤታችን እንዲህ ነበር፣ ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣
ከባቡሩ ሐዲድ ሥር፣ ወደ ወንዙ ትንሽ ወርዶ፤
ፊት ለፊቱ መድኃኒት ቤት፣ ጓዳው የእኛ መኝታ፣
መሀሉ መጋረጃ ብቻ፣ እሱም የዱቄት ከረጢት የተፈታ።

አያቴ ወልደየስ ከወጨጫ ነው ሥር የሚያወርደው።
“ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ” ብሎ ቀን ሲያማው የዋለ ሰው፣
ማታ ሆዱን ጨብጦ በሩን የሚያንኳኳው ያው ነው።
አያቴ መተሬ ይሰጣል፤ ዋጋ አይጠራም፣ ፊት አያይም፤
“ስሙ የተጠራ ቅጠል አይሠራም” ይላል “ለማንም።”

አባቴ እንግዳወርቅ ግን ድሬሰርነት ተምሮ፣
ለጠርሙስ ሁሉ ስም ለጠፈ፣ በቀጭን ብዕር አሳምሮ።
አንድ ሚዛን ነበረን፣ ዐሥር ዓመት የተጣሉበት፤
አንዱ በቁንጣሪ ሲሰፍር፣ ሌላው ግራም ሲጥልበት።
አያቴ ሲሞት አባቴ ሙቀጫውን አልሸጠም፤
ሦስቴ በፈላ ውኃ አጠበው፣ የፌጦው ሽታ አልለቀቀም።

መዝገቡ ደግሞ ነበረ።
በሰማያዊ ክር የተሰፋ፣ ጥጉ በላብ የወየበ፦
“ጉርሜሳ ሸማኔው፣ ሳል፤ ሁለት ብር ከስሙኒ ቀረው።”
“ወይዘሮ ጥሩአየር፣ ዓይን፤ በእንቁላል ትከፍላለች።”
“የባቡር ዘበኛው፣ ምስጢር።” (እናቴ እዚህ ስትደርስ ትስቃለች።)

ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ መጣ። ቀን ሰልፍ፣ ማታ ተኩስ፤
ባቡር ሳይኖር እኩለ ሌሊት ይንቀጠቀጣል ጠርሙስ።
አንድ ማታ በጓሮ በር፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ፣
የጉርሜሳ ልጅ ገባ፣ ትከሻው በደም የቀላ።
አባቴ አልጠየቀም፣ “ከየትኛው ነህ?” ብሎ፤
ጥይቱን በወረንጦ አወጣ፣ ፋኖሱን በጨርቅ ከልሎ።
እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሳህን ነበር ያስያዙኝ፤
ጥይቷ ስትወድቅ እንደ ሳንቲም ጮኸች፤ ሒሳብ የከፈለ መሰለኝ።

ከዚያ አባቴ እጁን ታጥቦ፣
ልማድ ይሁን ግትርነት እስከ ዛሬ አልገባኝም፣
መዝገቡን ገልጦ ጻፈ፦
“የጉርሜሳ ልጅ፣ ትከሻ። ሦስት ብር፣ በዱቤ።”

በሦስተኛው ቀን አሰሳ። አራት ሰው፣ አንዱ የሠፈራችን ልጅ፤
በኩፍኝ ሊሞት ነበር፣ አባቴ ደረሰለት እንጂ።
“ፋሻ ማን ማን ወሰደ? መዝገባችሁን!” አለ፣ ዓይናችንን ሳያይ።
እናቴ አመለወርቅ “ቆይ ላምጣው” ብላ ተነሣች፤
መዝገቡን በግራዋ ገልጣ፣ በቀኝ ክርኗ ጠርሙስ ነካች።
ሊትር ሙሉ ጂቪ! ገጹን ሐምራዊ ጎርፍ ዋጠው፤
ሳሉን፣ ዓይኑን፣ ምስጢሩን፣ ትከሻውንም አሰጠመው።
“እኔ ጅሏ!” ብላ ደረቷን ደቃች።
ልቅሶዋ እውነት ነበር፤ መድኃኒቱ ውድ ነውና።

አባቴን በጥፊ መቱት። ሚዛኑን “የሕዝብ ነው” ብለው ወሰዱ፤
በኋላ ቀበሌው ስኳር ሲመዝንበት አየነው፣ ተሰልፈን ከመንገዱ።
ከዚያ ወዲያ አባቴ በቁንጣሪ ሰፈረ፣ እንዳባቱ፤
ማንም አልሞተበትም፤ እሱ ግን ያፍር ነበር በጣቱ።
የእናቴም እጅ ወር ሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ከረመ፤
ገበያ ስትወጣ በነጠላ ጫፍ ትሸፍነዋለች።

ዕዳውስ? መዝገብ ከጠፋ ማን የማንን ያውቃል?
አንዳንዱ መጥቶ ከፈለ፤ አንዳንዱ ሲያየን መንገድ ይቀይራል።
ወይዘሮ ጥሩአየር እንቁላሏን አላቋረጠችም፣
ዓይኗ ጨርሶ ከጠፋ በኋላም፣ በልጅ እየተመራች።
ጉርሜሳ አልመጣም።
ልጁ የት እንደገባ የነገረን የለም።

አሁን እኔ ነኝ ባለ ሱቁ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር፤
ዱቤ የለም፤ ኮምፒዩተሩ ስምና ቀን ይዞ ያድር።
መብራት በጠፋ ማታ ግን፣ ያን ያበጠ መዝገብ አውጥቼ
ገጹን ወደ ሻማው አስጠጋዋለሁ።
ስሙ አይነበብም። ትከሻውም።
ከሐምራዊው ሥር የቀረው
“ሦስት ብር፣ በዱቤ” የሚለው ነው።
አልሰረዝኩትም።